መውጫ የሌለው ሐይቅ

ጉማሬ ሣር በል መሆኑን የነገረኝ ጀልባ ነጂው ነው። ያውም ሞተሩ ከጠፋ በኋላ።

ጓደኞቼ ሐዋሳ የመጡት ዓሣ ሊበሉ ነው፤ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ጥላ ሥር ተደላድለዋል። እኔ ግን ጀብዱ አማረኝ። ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐዋሳ ሐይቅ ዳርቻ ጀልባ ያዝኩ። ዋጋ ተከራክሬ 200 ብር አስቀነስኩ። (ያስቀነስኩት ከነዳጁ ላይ ሳይሆን አይቀርም።) አምስት ተሳፋሪ፣ አራት የሕይወት ጃኬት። ነጂው ሆዴን አየት አድርጎ፣ "ጋሼ፣ አንተ ትንሳፈፋለህ" አለኝ።

ወደ ጥቁር ውሃ ወንዝ ስንጠጋ ሸምበቆው ሥር ጥቁር ድንጋይ አየሁ። ድንጋዩ ጆሮውን አርገፈገፈ። ከዚያ እፉፉ ብሎ ተነፈሰና ጠለቀ። ሞተሩም አብሮት ዝም አለ።

ልጁ ምንም አልመሰለውም። ገመዱን ሦስቴ ሳበ። ካንዴላውን ፈታ፣ እፍ አለበት፣ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለው።

"አይዞህ ጋሼ፣ ጉማሬ እኮ ሣር ነው የሚበላው።"

"ሰው አይገድልም?"

"ይገድላል። አይበላም እንጂ።"

ከሐዋሳ ሐይቅ የሚፈስ ወንዝ የለም። ጥቁር ውሃ ይገባበታል፣ የሚወጣ የለም። ጉማሬ ውሃ ውስጥ አምስት ደቂቃ ያህል ትንፋሹን ይይዛል። ሁለቱንም አስቀድሜ አንብቤ ነበር። ባላነበብኩ ኖሮ!

ከኋላዬ ያሉት እናት "ገብርኤል፣ አንተ ታውቃለህ" እያሉ ነው። እኔም ለሐዋሳው ገብርኤል ትልቅ ጃንጥላ ተሳልኩ፤ ከነዘርፉ። አራተኛ ጊዜ ሲስበው ሞተሩ ተነሳ። ዳር ሳንደርስ ጃንጥላው መካከለኛ ሆነ። መሬት ስረግጥ አንድ እሽግ ሻማ ብቻ ቀርቶ ነበር። መከራከር ልማድ ነው።

አሞራ ገደል ደርሼ ፎቶዬን አሳየሁ። "ድንጋይ ልታነሳ ነው የሄድከው?" ብለው ሳቁብኝ። ጆሮውን ላሳያቸው ስልኬ ላይ ሳጎነብስ፣ አባ ኮዳ የሚሉት ትልቅ ወፍ ከኋላ መጣ። ራሰ በራ፣ ጡረታ የወጣ ዳኛ የሚመስል። ሳይቸኩል የተጠበሰውን ቆሮሶ ዓሣዬን ከሳህኑ አንስቶ፣ ሁለቴ ወደ ላይ ወርወር አድርጎ ዋጠው። ከዚያም ቆሞ አየኝ።

እሺ፣ ጃንጥላው ይሁን አልኩ በልቤ።