አባቴ በኬንታኪ የፈረስ አገር

አባቴ አሜሪካ፣ ኬንታኪ ግዛት ውስጥ ከአንድ ፈረስ ጋር የተነሡትን ፎቶ ያያችሁ ወዳጆቼ ብዙዎቻችሁ ያነሣችሁት አንድ ጥያቄ ነው። «ፈረሱን በስንት ገዛኸው?» ሌሎቻችሁ ደግሞ «እዚያ የፈረስ እርባታ ሥራ አለ አሉ፣ እንዴት ይገባል?» ብላችኋል። የመጀመሪያው ጥያቄ አሳቀኝ። ሁለተኛው ግን አሳስቦኛል፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ፈረሱ የእኔ አይደለም። ጡረታ የወጣ የውድድር ፈረስ ነው። ጆርጅታውን፣ ኬንታኪ ውስጥ ኦልድ ፍሬንድስ የሚባል ቦታ አለ። ሩጫ ያቆሙ ፈረሶች እስኪሞቱ በሰላም የሚጦሩበት ነው። እዚያ እንግዳ ካሮት ይዞ ገብቶ ያበላል። አባቴ በዚያ ቀን ፊታቸው የፈካው እዚያ ብቻ ነው። ጠዋት የሄድንበት ሌላው እርባታ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አባቴ የእንጅባራ ሰው ናቸው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ናቸው። ጥር 23 ቀን በዓሉን ያየ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፣ ሥሩን የሚመዘው ደግሞ ከዓድዋ ነው። ሊጠይቁን ወደ ኮሎምበስ፣ ኦሃዮ ሲመጡ ሞል ብንወስዳቸው እግራቸውን አመማቸው። ሕንፃው አላስደነቃቸውም። «ሦስት ሰዓት ብንነዳ የፈረስ አገር አለ» ስላቸው ግን ጋቢያቸውን አነሡ። ባለቤቴ ዳቦና ቆሎ ቋጠረች፣ ልጆቹን ጭነን ወደ ሌክሲንግተን ወረድን።

አገሩ ያምራል። ሣር፣ ሣር፣ አሁንም ሣር። አጥሩ ማለቂያ የለውም። ከመሬቱ ሥር ያለው ድንጋይ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ሣሩና ውኃው ካልሲየም አላቸው፣ የፈረሱን አጥንት ያጠነክራል ይላሉ። አባቴ ሣሩን በጣታቸው ቆንጥረው አሸተቱና «የእኛም አያንስም» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ጠዋት ያልኳችሁ እርባታ ገባን። አስጎብኚዋ ሕጉን ነገረችን። ከፈረስ ኋላ አትቁሙ፣ አትጩኹ፣ አትሩጡ። ጥሩ ሕግ ነው። ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቃሉን እየቆራረጠች፣ «ፈረስ በቅርብ አይተው ያውቃሉ?» አለቻቸው። መልስ አልጠበቀችም። ክንዳቸውን ይዛ ከልጆቼ ጋር ከመስመሩ ጀርባ አቆመቻቸው። በእሳቸው ዕድሜ ያሉ ፈረንጆች ግን እየቀረቡ ድንጉላውን፣ ለዘር የተያዘውን ወንድ ፈረስ፣ ያሻሹ ነበር።

አባቴ ምን እንዳለች ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። «ንገራት፣ ፈረስ ላይ የወጣሁት የወተት ጥርሴ ሳይነቀል ነው» አሉ። ነገርኳት። ፈገግ ብላ «ደስ ይላል» አለችና ወደ ሚቀጥለው ጋጥ ሄደች። አባቴን ግን ከመስመሩ ጀርባ አላነሣቻቸውም። ሰው ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ሽማግሌ ዕድሜ ልኩን ያወቀውን ነገር «ደስ ይላል» ብሎ ማለፍን የመሰለ ንቀት አላውቅም።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ሌላ ፈተና ነው። ሴትዮዋ ድንጉላ ከባዝራ፣ ከሴቷ ፈረስ፣ ጋር እንዴት እንደሚገናኝ አንድ ሳታስቀር ታብራራ ጀመር። ቶሮብሬድ በሚባለው የውድድር ፈረስ ዘር ሰው ሠራሽ ማዳቀል ክልክል ነው፤ የዘር መዝገቡን የያዘው ጆኪ ክለብ እንዲህ የተወለደውን አይመዘግብም። ድንጉላው ራሱ ባዝራዋ ላይ መውጣት አለበት። መጀመሪያ ሌላ ወንድ ፈረስ አምጥተው ባዝራዋ ዝግጁ መሆኗን ያዩበታል፣ እሱ ግን አያገኛትም። ይህን ሁሉ በአባቴ፣ በባለቤቴና በልጄ ፊት መተርጎም አለብኝ። ላብ አጠመቀኝ። ባለቤቴ ሰማይ ሰማይ ታያለች። አባቴ ግን የገበሬ ልጅ ናቸው፣ አልደነገጡም። የጠየቁት ዋጋውን ነው።

ዋጋው እነሆ። ኢንቱ ሚስቺፍ የሚባል ድንጉላ እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ ባዝራ ለማስጠቃት 250,000 ዶላር ተጠይቆበታል። የሚከፈለው ብዙውን ጊዜ ውርንጭላው ተወልዶ፣ ቆሞ፣ ሲጠባ ነው። አባቴ ደግመው አስቆጠሩኝ። ከዚያ ዝም አሉ። የእኔና የባለቤቴ የዓመት ደመወዝ ተደምሮም እዚያ አይደርስም።

ሌላም ጉድ አለ። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የቶሮብሬድ ፈረስ ሁሉ ልደቱ ጃንዋሪ 1 ነው። በሚያዝያ ቢወለድም በሚቀጥለው ጃንዋሪ 1 አንድ ዓመት ሞላው ይባላል። ስለዚህ ሁሉም ቀድሞ እንዲወለድለት ይሻማል። ባዝራዎቹን በክረምት መብራት አብርተው ቀኑ የረዘመ ያስመስሉባቸዋል፣ ቀድመው ድንጉላ እንዲፈልጉ። «እንቅልፍ ነሷቸው» አሉ አባቴ አዝነው። ልጄ ደግሞ «አያቴም ልደቱ ጃንዋሪ 1 ነው!» ብላ ጮኸች። ፓስፖርታቸው ላይ እንደዚያ ነው የተጻፈው። የስንቶቻችን ወረቀት ጃንዋሪ 1 እንደሚል እናንተም ታውቃላችሁ።

ወረቀት ካልኩ አይቀር፣ እዚያ ፈረሱ ራሱ ባለ ወረቀት ነው። የዘር መዝገባቸው እንግሊዝ አገር መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1791 ነው። የአባቶቹ ሐረግ በሙሉ ሦስት ከምሥራቅ የመጡ ድንጉላዎች ላይ ያርፋል፤ ባየርሊ ተርክ፣ ዳርሊ አረቢያንና ጎዶልፊን አረቢያን። ዛሬ ውርንጭላው በዲኤንኤ ይረጋገጣል፣ አንገቱ ውስጥ ቺፕ ይቀበርለታል። ግድግዳው ላይ የአንዱ ፈረስ የዘር ሐረግ ተሰቅሎ ነበር። አንድ ስም በአባቱም በእናቱም በኩል ይገኛል። ይህን ስነግራቸው አባቴ ጭንቅላታቸውን ያዙ። «ሰባት ቤት አይቆጥሩም እንዴ?» እነሱ ግን የሚቆጥሩት ዘመድን ከዘመድ ለማዳቀል ነው።

ከሰዓት በኋላ ኬንታኪ ሆርስ ፓርክ ገባን። የአይዛክ መርፊ መቃብር እዚያ ነው። ኬንታኪ ደርቢ የሚባለውን ታላቅ የፈረስ ሩጫ እ.ኤ.አ. በ1884፣ በ1890 እና በ1891 ያሸነፈ ጥቁር ጋላቢ ነው። ደርቢው እ.ኤ.አ. በ1875 ሲጀመር ከ15ቱ ጋላቢዎች 13ቱ ጥቁሮች ነበሩ። አሸናፊው ኦሊቨር ሉዊስም ጥቁር ነበር፤ የፈረሱ አሠልጣኝ አንሰል ዊሊያምሰንም በባርነት የኖረ ሰው ነው። በኋላ ዘረኝነቱ ከሜዳው ገፍቶ አስወጣቸው። ያቺ ሴት የቆመችበት ሙያ በእነዚህ ሰዎች እጅ ያደገ ነው። የእኔን አባት ግን ፈረስ አይተው ያውቁ እንደሆነ ትጠይቃለች! አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው መቃብሩ ዘንድ ብዙ ቆሙ።

ንዴቴ ግን በእሷ ብቻ አይደለም። እኛ ጌታውን በፈረሱ ስም የምንጠራ ሕዝብ ነን። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። የምኒልክ ፈረስ የዳኘው እናት የየትኛው ባዝራ ልጅ እንደነበረች የሚናገር መዝገብ ግን አሳዩኝ። አባቴ የፈረሶቻቸውን እናትና አያት በቃላቸው ይጠራሉ። ያ ሁሉ እሳቸው ጋር ነው ያለው። የማኅበሩ ልጆች ሆይ፣ ስልክ ይዛችኋል፣ ደብተርም አለ። የየሽማግሌውን ፈረስ ዘር፣ መልክና ቦታ ዛሬውኑ መመዝገብ ጀምሩ። እኔ የአባቴን በድምፅ ቀድቻለሁ፣ ለሚጀምር ሰው እልካለሁ።

አሁን ወደ ሥራ ፈላጊዎቹ። አዎ፣ ሥራ አለ። ጋጥ የሚጠርጉት፣ ፈረስ የሚያሹት ብዙዎቹ ከሜክሲኮና ከጓቲማላ የመጡ ናቸው። ባዝራ የሚወልደው በአብዛኛው በሌሊት ነው፣ ስለዚህ በብርድ ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ክቡር ሥራ ነው፣ ግን ወገብ ይቆርጣል። «ፈረስ አውቃለሁ» ማለት ብቻም አያስገባም፤ የአባቴን ዕጣ አይታችኋል። ለወቅታዊ ሥራ የሚሰጠውን ቪዛ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቀጣሪው ነው። ሠራተኛው ለቅጥሩ ብሎ ገንዘብ እንዲከፍል የአሜሪካ ሕግ ይከለክላል።

አንድ የባሕር ዳር ልጅ ደላላ «የኬንታኪ ፈረስ ቤት ላስገባህ» ብሎ ብር እንደጠየቀው ጽፎልኛል። አትክፈል ብዬዋለሁ። እናንተም እንዲህ የሚል ሰው ከመጣባችሁ የቀጣሪውን ስምና አድራሻ ተቀበሉትና ላኩልኝ። እኔ ከዚህ ደውዬ አጣራላችኋለሁ። ስም አልሰጥም ካለ ደግሞ አምስት ሳንቲም እንዳትሰጡት።