ልጁ አላበደም፤ አስተናግር በልቶ ነበር

የእግዚአብሔር ስም የተመሰገነ ይሁን! የስድስት ዓመት ሕፃን እናቱን መለየት አቅቶት፣ ከአየር ላይ የማይታይ ነገር እየለቀመ ሲለፈልፍ፣ ዘመዶቹ «መንፈስ ለክፎታል» ብለው እጁን በነጠላ አስረውት ወደ ጤና ተቋም መጡ። በሁለተኛው ቀን «እማዬ፣ እራበኝ» አለ። ይህን ምሕረት እንመሰክራለን፤ የመጣበትንም መንገድ አንደብቅም፣ ሌላ ልጅ ይድንበታልና።

ኪሱ ሲፈተሽ እሾሃም፣ ውስጡ አራት ክፍል ያለው ፍሬ ተገኘ። አስተናግር ነው፣ በአጥር ሥርና በቆሻሻ መጣያ ዳር የሚበቅለው፤ ዕፀ ፋርስም ይባላል። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ የበላውን ያስለፈልፋል። አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ መርዞች አሉበት። 100 ዘር ወደ 6 ሚሊግራም አትሮፒን ይይዛል፤ ይህ ሕፃን ሊገድል ይችላል።

ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ ይጀምራል። የዓይኑ ብሌን ይሰፋል፣ በብርሃንም አይጠብም። አፉ ይደርቃል፣ ፊቱ ይቀላል፣ ልቡ በኃይል ይመታል፣ ሽንቱ ይያዛል። ሰውነቱ ስለሚያተኩስ ወባ ወይም ማጅራት ገትር ያስመስለዋል። ብብቱን ዳብሱት፤ እየነደደ ላብ ከሌለው አስተናግርን ጠርጥሩ፤ የወባው ምርመራ ግን አይቅር።

እባካችሁ አትሰሩት! ላብ የማያወጣ ገላ በታገለ ቁጥር ይግላል፤ ሊገድለውም የሚችለው ይኸው ግለት ነው። ልብሱን አውልቃችሁ በረጠበ ጨርቅ እያበሳችሁ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። አታስመልሱት፣ ወተትም አታጠጡት፤ ወደ ሳንባው ይገባል። የተረፈውን ፍሬ ያዙ።

እዚያ ቶሎ ከደረሰና መዋጥ ከቻለ መርዙን ሆድ ውስጥ የሚይዝ የመድኃኒት ከሰል በአንድ ኪሎ ክብደቱ 1 ግራም ይሰጠዋል፤ መረበሹን ዲያዜፓም ያረግበዋል፣ የታገደው ሽንት በቱቦ ይወጣል። የሚጎዳው ስህተት «አብዷል» ብሎ ክሎርፕሮማዚን የተባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት መስጠት ነው፤ እሱም እንደ አስተናግር ያደርቃል፣ መንቀጥቀጥንም ይጋብዛል። ማርከሻው ፊዞስቲግሚን ባይገኝም እንኳ በዚህ እንክብካቤ ብዙዎች ይድናሉ።

መርዙ አንጀትን ስለሚያዘገይ ዘሩ ሆድ ውስጥ ይቆያል፤ ቅዠቱም ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሊዘልቅ ይችላል። የሕፃኑ እናት እስኪነጋ «ኪርያላይሶን» ስትል፣ ነርሷ በየሰዓቱ ሙቀቱን ትለካ ነበር። ሁለቱም አልተኙም። ብሌኑ እስከ ሳምንት ሰፍቶ ሊቆይ ስለሚችል ብርሃን ቢያስቸግረው እንዳትደነግጥ ተነግሯት፣ ልጇን በጥላ ሥር አዝላ ወደ ቤቷ ገባች።