አራቱን ፖስታ ሁለት አድርጌያቸዋለሁ

ከዋናው ፖስታ ቤት ጀርባ ስኖር ስንት ዓመቴ ነው፤ በፖስታ ጉዳይ በሌብነት እጠረጠራለሁ ብዬ ግን በሕልሜም አስቤ አላውቅም።

ጣጣው የመጣው አንድ ሰው ተጠቅሞባት ከሸጠልኝ ሳምፕለር ነው። ሳምፕለር ድምፅ ቀድታ የምታስቀምጥ፣ ፓድ የሚሏትን ቁልፍ ሲነኳት ደግሞ የቀዳችውን መልሳ የምታሰማ መሣሪያ ናት። ሮጀር ሊን የነደፈውና አካይ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው ኤምፒሲ 60 የተባለ ሳምፕለር አራት በአራት የተደረደሩ 16 ፓዶች ነበሩት፤ የእኔዋም በዚያው ወግ የተሠራች ናት። በአንዱ ፓድ ከበሮ፣ በሌላው ማሲንቆ፣ ጥግ ላይ ባለው ደግሞ የአክስቴን እልልታ ጭኜባታለሁ። አክስቴ ፒያሳ ላይ እልል ስትል ስድስት ኪሎ ያለ ሰው ማን አገባ ብሎ ይጠይቃል።

መከራው ኤንቨሎፕ የሚሉት ነው። ድምፅ እንዴት እንደሚገባና እንደሚወጣ የሚወስኑ አራት ቅንብሮች አሉ፤ አታክ፣ ዲኬይ፣ ሰስቴን እና ሪሊዝ። እኔ የገባኝ በእንግዳ መስዬ ሳየው ነው። አታክ እንግዳው ከበሩ እስከ ሳሎኑ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ነው። ዲኬይ የሰላምታው ሞቅታ እስኪበርድ ያለው ነው። ሪሊዝ ደግሞ «በሉ እንግዲህ ልሂድ» ካለ በኋላ በሩን ይዞ የሚያወራው ወሬ ነው። ሦስቱ በጊዜ ይለካሉ። ሰስቴን ግን ጊዜ ሳይሆን የድምፅ መጠን ነው፤ ጣታችሁን ከፓዱ እስካላነሳችሁ ድረስ እንግዳው አቦል፣ ቶና፣ በረካ ጠጥቶም ንቅንቅ አይልም።

አራት ቅንብር ለ16 ፓድ ማለት 64 ቁጥር ነው። ያውም የክብሪት ቀፎ በምታክል መስኮት! አንድ ሌሊት መመሪያውን ይዤ ተቀመጥኩና ወሰንኩ። ከበሮ እንደሆነ ተመትቶ በራሱ ይጠፋል፤ ምን ዲኬይ ያስፈልገዋል? ዲኬይን ዘጋሁ፣ ሰስቴንን ጣሪያ ላይ ሰቀልኩት። የቀሩትን ሁለቱን በሁለት ማዞሪያ ላይ አድርጌ በፕላስተር «መግቢያ» እና «መውጫ» ብዬ ጻፍኩባቸው። እልልታ በድንገት ሲቆረጥ ደስ ስለማይል መውጫውን ስምንት ሰከንድ ሰጠሁት፤ እንዳያልቅም ዙሪያውን እየደጋገመ እንዲሄድ አደረግኩት። በኩራት ብዛት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ የጓደኛዬ እኅት የምርቃት ድግስ ነበር፤ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ አዳራሽ። ሶኬት የተገኘው በሩ አጠገብ ብቻ ነበርና ሳምፕለሬን የስጦታ ፖስታ ከሚጣልበት ሣጥን ጎን ዘረጋሁ። ሣጥኑን የሚጠብቁት የተመራቂዋ አጎት ናቸው፤ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ የሰጪ ስም የሚመዘግቡበት ደብተር ይዘው። የእኔንም ፖስታ ከተቱ፣ ስሜን ጻፉ።

ጓደኛዬ ከወዲያ ማዶ፣ በሕዝቡ ጫጫታ ላይ ጮክ ብሎ ጠየቀኝ። «ያ ፖስታህ እንዴት ሆነ?» እኛ ኤንቨሎፕን ለቀልድ ፖስታ ነው የምንለው።

«አራቱን ፖስታ ሁለት አድርጌያቸዋለሁ!» አልኩት። «ሁለቱን አወጣኋቸው፤ ማንም አይነቃም!»

አጎትየው ብዕራቸውን ሲከድኑ አየሁ። ልብ ግን አላልኩም፤ በዚያች ቅጽበት ተመራቂዋ ስለገባች የእልልታውን ፓድ ተጫንኩ። አዳራሹ ደመቀ። አንድ ሽማግሌ ለምርቃት እጃቸውን ዘረጉ፣ ሰው ሁሉ ተነሣ። ጣቴን ላነሳ ስል ከላይ አንድ ከባድ መዳፍ እጄን ፓዱ ላይ ተጫነው።

«እጅህን እንዳታንቀሳቅስ!» አሉኝ አጎትየው።

«ጋሼ፣ እባክዎ ይልቀቁኝ፤ ጣቴ ካልተነሳ አይቆምም!»

«ምኑ ነው የማይቆመው? ስርቆቱ?»

ሰስቴን ጣሪያ ላይ ነው። እልልታው ይዞራል፣ ይዞራል። ሽማግሌው አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ «አሜን» ለማለት የተዘጋጀው ሕዝብ ምን ላይ አሜን እንደሚል ቸገረው። እልልታ ደግሞ እንደ ማዛጋት ነው፣ ይጋባል። በስተግራ የተቀመጡት እናቶች ተቀበሉት። አክስቴ ከመሃላቸው ብድግ ብላ «ይህቺ እኔን የምታስመስል ማን ናት?» ብላ ዙሪያዋን አየች፤ ከዚያ ባለጋራዋን ለማስናቅ እሷም ለቀቀችው። አክስቴ ከራሷ ጋር ስትወዳደር ከሁለቱ የትኛዋ እንደበለጠች እስከ ዛሬ አልለየሁም።

በመጨረሻ ጓደኛዬ እየሮጠ መጥቶ እጄን አስለቀቀኝ። ዝምታ የጠበቀው ሁሉ ስምንት ሰከንድ ሙሉ እየሳሳ የሚሄድ እልልታ አዳመጠ። ስምንት ሰከንድ እንዲህ ረጅም መሆኑን ማን ነገረኝ?

ሰስቴን ምን እንደሆነ ለአጎትየው ማስረዳት ጀመርኩ፤ ሣጥኑን መክፈት መረጡ። ፖስታው ከደብተሩ ጋር አንድ በአንድ ተመሳከረ። ጎደለ የሚባል አልነበረም። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ ይቅርታቸውን መጠበቅ ስጀምር፣ አንዱን ፖስታ ወደ መብራቱ አንስተው አገላበጡት። ባዶ ነው። ላዩ ላይ የተጻፈው ስም የእኔ ነው።

«እውነትም አወጣኋቸው ብሏል» አሉ ቀስ ብለው።

ቤት ገብቼ ያልፈተሽኩት ኪስ፣ ያላነሳሁት ፍራሽ የለም። አምስቱን ባለ ሁለት መቶ ብር ያገኘኋቸው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ ያን ሌሊት ገጹ እንዳይጠፋኝ ለምልክት ሰክቻቸው፣ በመመሪያው መጽሐፍ «ኤንቨሎፕ» በሚለው ምዕራፍ ውስጥ ተኝተዋል።