ቦንጋ በመጋቢት

ዛሬ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ በተመዘገበው የከፋ ባዮስፌር ደን ውስጥ፣ ከቦንጋ ከተማ ብዙም ሳንርቅ፣ ስንጓዝ ዋልን። ከሰዓት በኋላ የጀመረው ዝናብ ካባራ በኋላ እንኳ ከትልልቆቹ ዛፎች ቅጠል የሚወርደው ጠብታ ለረጅም ጊዜ አላቋረጠም፤ ግንዳቸው በሳረንስት ተሸፍኗል፤ ከሥራቸው የበቀለው የጫካ ቡና ደግሞ የመጀመሪያውን ዝናብ ተከትሎ ቅርንጫፉን ሙሉ ነጭ አበባ አውጥቷል፤ መዓዛው ከሩቅ ይጣራል።

ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ዝናብ ቀድሞ የሚገባበትና ዘግይቶ የሚወጣበት አካባቢ ነው። ከደቡብ ምዕራብ የሚነፍሰው እርጥብ አየር ቀድሞ የሚያገኘው እነዚህን ተራሮች በመሆኑ፣ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ሦስት አራት ወር የሚቆየው የዝናብ ወቅት እዚህ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ይዘልቃል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ሙቀቱ አያስጨንቅም፤ ማታ ግን ሹራብ ያስፈልጋል።

ለእግር ጉዞ የሚመቸው ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወቅት መሆኑ አያከራክርም። እኔ ግን ደኑ እንዲህ ሲያብብ ማየትን አስበልጣለሁ። በሐምሌና በነሐሴ የገጠሩ መንገድ ክፉኛ ስለሚጨቀይ፣ በዚያን ጊዜ የሚመጣ ሰው ቦቲ ጫማና አንድ ትርፍ ቀን ይያዝ።