የቦሱ ጤና ተቀንሶ ስሞታው አልቀነሰም

አርፒጂ ጌም፣ ማለትም ተጫዋቹ የአንድን ገጸ ባሕርይ ችሎታ እያሳደገ የሚጫወተውን ጌም፣ በሚሠራ ቡድን ውስጥ የውጊያውን ሚዛን የማስተካከል ኃላፊነት በነበረኝ ጊዜ፣ ከሁሉ ይልቅ ያከራከረን ከጌሙ አጋማሽ ላይ የሚመጣው ቦስ፣ ማለትም ከተራዎቹ ጠላቶች የበረታው ዋና ጠላት፣ ነበር። ሞካሪዎች ተጫውተው ሲጨርሱ በሚሞሉት ቅጽ ላይ ግማሽ ያህሉ «ይህ ቦስ አይሸነፍም» ብለው ሲያማርሩ፣ የቀሩት ደግሞ ስለ እርሱ አንዳች ሳያነሡ ያልፉ ነበር። ኃላፊያችን የቦሱ የጤና ነጥብ (ተመትቶ ሲያልቅ የሚሞትበት ቁጥር) ከ1200 ወደ 800 እንዲወርድ አዘዘ፤ አንድ ቁጥር መለወጥ ብቻ ስለነበር ሥራው ወዲያው አለቀ። በሚቀጥለው ሙከራ ግን የቀድሞው ስሞታ ባለበት ሆኖ፣ «ቦሱ ገና ውጊያው ሳይሞቅ ሞተብኝ» የሚል ሌላ ቅሬታ ተጨመረበት።

ከፕሮግራመራችን ጋር ተቀምጠን የተቀዱትን ጨዋታዎች ስንመለከት፣ ከሚያማርሩት አብዛኞቹ ለገጸ ባሕርያቸው ማሳደጊያ የሚሰጣቸውን ነጥብ በጉልበት ፈንታ በቅልጥፍና ላይ ያዋሉ ሆነው ተገኙ። ከመካከላቸው አንዱ ከቦሱ ምት ሁሉ እያመለጠ፣ ከጀርባው እየዞረ፣ እንከን በሌለው ሁኔታ ይዋጋ ነበር፤ ጩቤው ባረፈ ቁጥር በስክሪኑ ላይ ብቅ የሚለው ቁጥር ግን 4፣ አሁንም 4፣ አሁንም 4 ነበር።

ነገሩ ያለው ከቀመሩ ላይ ነበር። ጉዳት የሚሰላው ከአጥቂው የማጥቃት ኃይል የተጠቂውን መከላከያ በመቀነስ ሲሆን፣ የቦሱ መከላከያ 40 ነው፤ ስለዚህ የማጥቃት ኃይሉ 60 የሆነ ጉልበተኛ በአንድ ምት 20 ሲያጎድል፣ 44 ያለው ቀልጣፋ የሚያጎድለው 4 ብቻ ነው። ጤናው 1200 ሳለ አንዱ 60 ጊዜ፣ ሌላው 300 ጊዜ መምታት ነበረባቸው፤ 800 ሲሆን ደግሞ 40 እና 200 ሆነ። የአምስት እጥፉ ልዩነት ንቅንቅ አላለም።

ይህን ስናስረዳ ኃላፊያችን የከባድነት ደረጃ መምረጫ እንዲጨመር ሐሳብ አቀረበ፤ ምሳሌውም እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ስካይሪም የተባለው አርፒጂ ጌም ነበር። ስካይሪም ኋላ በተጨመረለት ሌጀንደሪ በተባለው ደረጃ ተጫዋቹ የሚያደርሰውን ጉዳት ወደ ሩብ ያወርዳል፣ የሚደርስበትን ደግሞ ሦስት እጥፍ ያደርጋል። እንዲህ ያለው ማባዣ ግን ጉልበተኛውንም ቀልጣፋውንም በአንድ ልክ ስለሚነካ፣ የእኛን ጣጣ ከነመልኩ ወደ ሌላ ደረጃ ከማዛወር አያልፍም ነበር።

በመጨረሻ የተስማማነው ቀመሩን በመለወጥ ነው። የማጥቃት ኃይል በራሱ ተባዝቶ ለማጥቃትና ለመከላከያ ድምር እንዲካፈል ሲደረግ፣ ጉልበተኛው 36፣ ቀልጣፋው 23 ገደማ ማጉደል ጀመሩ። የቦሱን ጤና ወደ 1800 ከፍ ብናደርገውም አንዱ በ50፣ ሌላው በ79 ምት የሚጨርሱት ሆነ፤ ጩቤ ከጎራዴ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚሰነዘር ደግሞ በሰዓት ሲለካ ውጊያቸው ተቀራረበ። «አይሸነፍም» የሚለው ቃል ከቅጹ ላይ ጠፋ።

ደስ ያላለው የጠላቶቹ ዲዛይነር ብቻ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ቅሬታው ሚዛን የሚደፋ ነበር። በቀድሞው ቀመር ደካማ ጎራዴ ይዞ የድንጋይ ዘበኞች የተባሉትን ጠላቶች የገጠመ ተጫዋች ምንም ጉዳት ስለማያደርስ፣ የተሻለ መሣሪያ ፈልጎ መመለስ እንዳለበት ማንም ሳይነግረው ይገባዋል። በአዲሱ ቀመር ግን ማንኛውም ምት ጥቂት ስለሚያጎድል፣ ትዕግሥት ያለው ሰው በአሮጌ ጩቤ እየቆጠቆጠ ይጥላቸዋል። ስለዚህ የድንጋይ ዘበኞቹ በቀድሞው ቀመር እንዲቀሩ፣ በመዶሻ ሲመቱ ብቻ መከላከያቸው በግማሽ እንዲቆጠር ወሰንን፤ ከክፍላቸው በፊት ባለው ሣጥን ውስጥም የጉልበት ነጥብ የማይጠይቅ መዶሻ አስቀመጥን።