ላፕቶፔን ልሸጥ ነበር፤ የሚሞተው ግን ዲስኩ ነበር

ትናንት ማታ የመመረቂያ ጽሑፌን ሦስተኛ ምዕራፍ ከፍቼ፣ የስታቲስቲክስ ፕሮግራሙን ኤስፒኤስኤስን ከጎኑ አስነስቼ፣ ከአሥር በላይ ፒዲኤፍ ደርድሬ እስከ እኩለ ሌሊት ሠራሁ። ላፕቶፑ አንዴም ቀጥ አላለም። ከሁለት ወር በፊት ይህንኑ ላፕቶፕ በተገኘው ዋጋ ልሸጠው ወስኜ ነበር። እንደኔ የክረምት ማስተርስ የምትማሩ መምህራን፣ «ልቀይረው ወይስ ላሻሽለው» እያላችሁ ከሆነ የሄድኩበትን መንገድ ከነስህተቱ ላካፍላችሁ።

ማሽኔ ቲንክፓድ ቲ430 ነው፤ በፈረንጆቹ 2012 የወጣ፣ 3ኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ5፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ። ዎርድ ለመክፈት እንኳ ደቂቃዎች ይወስድበት ነበር። ሌላ እንዳልገዛ ደግሞ ደህና ያገለገለ ላፕቶፕ እንኳ የወራት ደመወዜን ይበላል።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሁሉም ሰው የሚመክረውን ነው፤ ራም ጨመርኩ። መርካቶ አካባቢ ካለ ሱቅ 4 ጊጋ ገዛሁ፣ ከታች ያለውን ትንሽ ክዳን በካቻቪቴ ፈትቼ ሰካሁት፣ 8 ጊጋ ሆነ። የቲ430 ዘመን ላፕቶፕ የሚቀበለው ዲዲአር3 የሚባለውን የራም ዓይነት ነው፤ ዲዲአር4 ጥርሱ ስለሚለያይ አይገባም፣ አታስገድዱት። ማሽኑ ግን እንደበፊቱ ተንቀራፈፈ። ገንዘቤን ያወጣሁት ችግሩን ሳልመረምር ነው፣ ይህ የኔ ጥፋት ነው። የትኛው ክፍል እንደተጨናነቀ የሚያሳየውን የዊንዶውስ ታስክ ማናጀር አስቀድሜ ከፍቼ ቢሆን ኖሮ ሁለት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር፤ ሜሞሪው (ራሙ) ግማሽ ላይ ቆሞ ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሏል። ስለዚህ ታስክ ማናጀር ሳያዩ «ራም ጨምር» የሚሉ ሰዎችን ምክር ከእንግዲህ አልሰማም።

የዲስክን ጤንነት የሚመረምር ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንኩ። ቢጫ ማስጠንቀቂያ አወጣ። ዲስኩ ማንበብ ያቃተው፣ ገና ያልተተካ ሴክተር (ዳታ የሚቀመጥበት ትንሽ ክፍል) ብዙ ነበረበት። ጆሮዬን ኪቦርዱ ላይ ሳስጠጋ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ እንደገና ጠቅ ይላል። በዝምታው ሰዓት ዲስኩ ያንኑ የተበላሸ ቦታ ደጋግሞ ለማንበብ እየታገለ ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ እስኪያነብለት ይጠብቃል። የዘገየው በዚህ ነው።

ዲስኩ ላይ የመመረቂያ ጽሑፌ፣ የሰበሰብኩት የመጠይቅ ዳታና የሦስት ክፍል ማርክ ሊስት አለ። ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ገዛሁና አሮጌውን ዲስክ እንዳለ ወደ እሱ ክሎን ላደርገው፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ ልገለብጠው ሞከርኩ። በመጀመሪያው ቀን መብራት ጠፋ፤ ባትሪዬ ከሞተ ቆይቷልና ላፕቶፑ አብሮ ጠፋ። በሁለተኛው ቀን መብራት አልጠፋም፣ ክሎኑ ግን የተበላሸው ሴክተር ላይ ደርሶ በኤረር ቆመ። ያን ቀን በጣም ነው ያዘንኩት።

ያዳነኝ ከተበላሸ ዲስክ ዳታ የሚቀዳው ዲዲ-ሬስኪዩ የሚባል ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፤ ሲስተም-ሬስኪዩ የሚባለውን ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፋንታ የሚሠራ ነፃ ሲስተም) ፍላሽ ላይ ጭናችሁ ላፕቶፑን በፍላሹ ስታስነሱ ውስጡ ታገኙታላችሁ። ቲንክፓድ ላይ ሲነሳ ኤፍ12ን መጫን ነው። ጥበቡ እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ ጤነኛውን ቦታ ሁሉ በፍጥነት ይቀዳል፣ ያስቸገረውን እየዘለለ ይመዘግባል፣ መጨረሻ ላይ ወደተዘለለው ተመልሶ ይታገላል። ሊሞት ላለ ዲስክ ትክክለኛው አካሄድ ይህ ነው፣ እያንዳንዱ የከንቱ ትግል ዕድሜውን ያሳጥረዋልና። የት እንደደረሰ ደግሞ ማፕ ፋይል በሚባል ትንሽ ፋይል ይጽፋል፤ ቢቋረጥ ከዚያው ይቀጥላል። መብራት ለሚመላለስበት የጅማ ሰው ከዚህ የሚሻል መሣሪያ አላውቅም።

ግን አንድ ነገር ሳላስተውል ቀረሁ። የፊዚክስ መምህሩ ባልደረባዬ 1 ቴራ ኤክስተርናል ዲስክ አዋሰኝና የዲስኬን ምስል (ሙሉ ዲስኩን በአንድ ፋይል የያዘ ቅጂ) ወደዚያ መቅዳት ጀመርኩ፤ ማፕ ፋይሉን ግን እዚያው ሊኑክሱ ውስጥ አስቀመጥኩት። በፍላሽ የተነሳ ሊኑክስ የሚጽፈው ራም ላይ ነው። ማታ አራት ሰዓት ገደማ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ሳለ መብራት ሄደ፣ ማፕ ፋይሉም አብሮ ሄደ። ከዜሮ ጀመርኩ። በሁለተኛው ሌሊት ምስሉንም ማፕ ፋይሉንም ኤክስተርናሉ ላይ አደረግኩ። መብራት ሁለቴ ጠፋ፤ ሁለቴም ያንኑ ትእዛዝ መልሼ ስሰጠው ካቆመበት ቀጠለ። ያን ጊዜ የተሰማኝን እፎይታ ልነግራችሁ አልችልም።

ይህን የምትሞክሩ ሁለት ነገር ጠብቁ። ኤክስተርናሉ ፎርማት የተደረገው በፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም፤ ኤንቲኤፍኤስ ይሁን፣ ባዶ ቦታውም ከዲስካችሁ ይብለጥ። ሁለተኛው የከፋ ነው፤ የሚቀዳውንና የሚቀዳበትን ዲስክ ብታቀያይሩ ዳታችሁ ይጠፋል። እኔ የሁለቱን ስምና መጠን ወረቀት ላይ ጽፌ፣ ሦስቴ አይቼ ነው ኢንተር የነካሁት።

ምስሉን በሌላ ኮምፒውተር 7-ዚፕ በሚባል ፕሮግራም ከፍቼ ፋይሎቼን አወጣሁ። መመረቂያ ጽሑፉ ተረፈ፣ የመጠይቁ ዳታ ተረፈ። የአንድ ክፍል ማርክ ሊስት ግን አልከፈት አለ፤ ከወረቀቱ ሮስተር ላይ አንድ በአንድ መልሼ አስገባሁት።

ቀሪው ቀላል ነበር። ቲ430 ላይ ዲስኩን የያዘው አንድ ብሎን ነው፤ አሮጌው ወጣ፣ 240 ጊጋ ኤስኤስዲ ገባ። ክሎኑን ትቼ ዊንዶውስ 10ን ከባዶ ጫንኩ። አሁን ከግማሽ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይነሳል። እዚህ ላይ ግን ልቤ ሙሉ አይደለም። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ይፈልጋል፣ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ (የደህንነት ማሻሻያው) ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። የፈተና ወረቀት በዊንዶውስ በሚሠራው የአማርኛ መጻፊያ፣ በፓወር ግዕዝ ስለምጽፍ ሙሉ በሙሉ ወደ ሊኑክስ መሄድ አልቻልኩም፤ ለኢንተርኔት ሊኑክስ ሚንትን ጎን ለጎን ጭኛለሁ፣ የተማሪ ፍላሽም የምከፍተው በእሱ ነው።

ስለዚህ ለዎርድ፣ ለኤስፒኤስኤስና ለንባብ ከሆነ፣ ማጠፊያውና ቦርዱ ጤነኛ ከሆነ አሻሽሉት፤ በኤስኤስዲ ጀምሩ። አውቶካድ ወይም ቪዲዮ የምትሠሩ ከሆነ በ3ኛ ጄኔሬሽን ላይ ገንዘብ አታፍሱ። ልትገዙ ከሆነ የአይ5ን ሞዴል ቁጥር እዩ፤ በ8 የሚጀምር ባለ አራት አሃዝ 8ኛ ጄኔሬሽን ነው። ራማቸው ወይም ስቶሬጃቸው ቦርዱ ላይ የተበየደ ላፕቶፖችም አሉ፤ እነሱን ኋላ ማሻሻል አይቻልም።

የቀረኝ ባትሪው ነው። ጅማ ውስጥ ለቲ430 የሚሆን፣ ገዝቶ ቢያንስ አንድ ዓመት የተጠቀመበት ሰው ካለ ከየት እንዳገኘው ይንገረኝ።