አሮጌ የአሜሪካ ቤተ ክርስቲያን ለመግዛት ላሰባችሁ፦ ከቀብዱ በፊት የሚታዩ ሰነዶች

የደወል ማማ ያለው፣ መቶ ዓመት ሲጸለይበት የኖረ ሕንፃ በአንዲት ትንሽ የአሜሪካ ከተማ ለሽያጭ ሲወጣ፣ ሰበካ ጉባኤው መጀመሪያ የሚያየው ጣሪያውንና ዋጋውን ነው። ከባዱ ጣጣ ግን ወረቀቱ ላይ ነው። የሕንፃው ባለቤት መሆን አንድ ነገር ነው፤ ሕንፃውን ለአምልኮ ለመጠቀም መፈቀዱ ደግሞ ሌላ ነው፤ ቢሮውም የተለያየ ነው።

የባለቤትነት ሰነዱ የሚገኘው ከካውንቲው (ከወረዳው አስተዳደር) መዝገብ ቤት ነው፤ በኮነቲከትና በቨርሞንት ግን ከከተማው ጸሐፊ ዘንድ። የንብረት ግብር የሚሰላበትን ካርድ ብቻ አይታችሁ አትመኑ፤ እሱ የባለቤትነት ማስረጃ አይደለም። የቆየው ውል ራሱ ይነበብ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መሬት የሰጡ ሰዎች አንዳንዴ «ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት እስከዋለ ድረስ» የሚል ቃል ያስገቡ ነበር፤ አገልግሎቱ ከቆመ መሬቱ ወደ ወራሾች ሊመለስ ይችላል። ሻጩ የሜቶዲስት ወይም የኤጲስቆጶሳዊት አጥቢያ ከሆነ የበላይ አካሉ ካልፈቀደ መሸጥ አይችልም። ኒው ዮርክ ውስጥ ደግሞ የፍርድ ቤት ወይም የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ፈቃድ ያስፈልጋል።

ሰው የሚሳሳተው ዞኒንጉ ላይ ነው፤ ይህም በየቦታው ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሚፈቀድ የሚወስነው የከተማው ሕግ ነው። ከዞኒንግ ሕጉ በፊት የተሠራ ቤተ ክርስቲያን በአዲሱ ሕግ በቦታው ባይፈቀድም በነባር አገልግሎትነቱ እንዲቀጥል ይተውለታል። መብቱ ግን አገልግሎቱ ሲቋረጥ ይጠፋል፤ በብዙ ከተሞች 6 ወር ወይም 1 ዓመት ይበቃል። ለሽያጭ የሚወጣው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ምእመን አልቆበት የተዘጋው ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ጸሎት መቼ እንደተደረገ ጠይቁ፤ የመብራትና የውኃ ሂሳብ ጥሩ ማስረጃ ነው። ሕንፃው ከዞኒንጉ በፊት መኖሩን ለማሳየት የድሮዎቹ የሳንቦርን የእሳት ኢንሹራንስ ካርታዎች ይረዳሉ፤ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በነፃ በኢንተርኔት ያሳያል፤ በካርታው ላይ ቢጫው ቀለም የእንጨት፣ ሮዙ የጡብ ግድግዳ ነው።

የእኛ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት የሚያመጣውን ለውጥም አስቡበት። 20 አግዳሚ ወንበር፣ እያንዳንዱ 12 ጫማ ቢሆን፣ በሕንፃ ደንቡ ለአንድ ሰው 18 ኢንች ስለሚያዝ 160 ሰው ይቆጠራል። ወንበሩ ተነሥቶ ምንጣፍ ሲነጠፍ ግን ቆጠራው በወለል ስፋት ይሆናል፤ ለቆመ ሰው 5 ካሬ ጫማ። ወለሉ 1,400 ካሬ ጫማ ከሆነ 280 ሰው ማለት ነው። ቁጥሩ ሲጨምር የመውጫ በሮች ስፋት፣ አንዳንዴም የመኪና ማቆሚያው አብሮ ይጨምራል። 50 ሰውና ከዚያ በላይ ሲሆን ሁለት መውጫ ያስፈልጋል፤ በሮቹም ወደ ውጭ መከፈት አለባቸው፤ የድሮዎቹ ብዙዎቹ ወደ ውስጥ ነው የሚከፈቱት። ወንበር ከማንሣታችሁ በፊት ከአርክቴክት ጋር ተማከሩ።

ሕንፃው በከተማው የታሪካዊ ክልል ውስጥ ካለ፣ ከውጭ ለሚታይ ለውጥ ሁሉ፣ ጉልላት መትከልን ጨምሮ፣ ክልሉን የሚቆጣጠረው ኮሚሽን ፈቃድ ያስፈልጋል። መቅደስ መለየትና መጋረጃ መስቀል ግን የውስጥ ጉዳይ ስለሆነ በአብዛኛው አይነኩትም። በፌዴራል የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ላይ መስፈሩ ብቻውን በራሱ ገንዘብ የሚያድሰውን የግል ባለቤት አያስርም።

ቴክሳስ ውስጥ በርኒ በምትባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1923 የተሠራው የቅዱስ ጴጥሮስ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን 230 ሰው ብቻ ስለሚይዝ ለማስፋት ጠይቆ በታሪካዊ ቅርስነት ምክንያት ተከለከለ። ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1997 ለከተማዋ ተወሰነ። ኮንግረስ በ2000 ባወጣው ሕግ ከተሞች አብያተ ክርስቲያናትን ከሌሎች መሰብሰቢያዎች ባነሰ ሁኔታ እንዳያስተናግዱ ከለከለ። ሕጉ ግን ፈቃድ ከመጠየቅ አያድንም።

ውሉ ውስጥ «የዞኒንግ ማረጋገጫ ደብዳቤ በጽሑፍ ካልተገኘ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል አንቀጽ ይግባ፤ የቢሮ ሠራተኛ በስልክ የሰጠው ቃል አይበቃም። ከግብር ነፃ መሆንም ከሕንፃው ጋር አይሸጥም፤ በአዲሱ ባለቤት ስም በቀነ ገደቡ ማመልከቻ ካልገባ የዓመቱ ግብር ይመጣል።